የመጽሐፉ ሳንባና የሳሪስ አየር

ሳሪስ ወይም ጀሞ ተቀምጦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚያጠና የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ የመተንፈሻ አካላት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ አንድ ቁጥር ይሸመድዳል፤ በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 104 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ፈተና ላይ ስለሚመጣ ያሰምርበታል። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ የከባቢ አየር ግፊት 760 ከሆነበት ቦታ የተገኘ። ሳሪስና ጀሞ ያሉበት የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ግን 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 580 ይወርዳል።

ስሌቱን ተማሪው ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከ580 ላይ የውኃ ተኑን ድርሻ 47 ይቀንሳል። የቀረውን በኦክስጅን ድርሻ፣ በ0.21፣ ሲያባዛው 112 ያህል ይሆናል። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40 ገደማ ሲያነሳለት 70 አካባቢ ላይ ያርፋል። መጽሐፉ 104 ይላል፤ ሳንባው 70። ልጁ ግን ጤነኛ ነው፤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ነው ክፍል የገባው።

ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ወይስ ተማሪው ታሟል? ሁለቱም አይደለም። የጎደለው ቁጥሩ የቆመበት ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት አዲስ አይደለም፤ የጥንቱ ሐኪም ገለን በዘመኑ የሰው ሬሳ መክፈት ስላልተለመደ ዝንጀሮና አሳማ እየከፈተ አጠና፤ የሰው የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንት የተሠራ ነው ብሎም ጻፈ። የአናቶሚ ሊቁ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 አንድ አጥንት መሆኑን በመጽሐፉ እስኪያሳይ ድረስ ከ1,300 ዓመት በላይ አለፈ። የገለን ዓይን ደካማ አልነበረም፤ ያየው የማንን አካል እንደሆነ ከድምዳሜው ጋር አብሮ አልተላለፈም እንጂ።

ጀማሪ መጀመሪያ ጽኑ መሠረት ይያዝ፣ ጥያቄው ኋላ ይመጣል የሚሉ መምህራን አሉ። ሐሳባቸው ቀላል አይደለም፤ ሁሉን የሚጠራጠር ጀማሪ ምንም አይዝም። ነገር ግን 760ን የያዘ ለ104 የሚቀርብ ቁጥር ማውጣት ይችላል፤ 104ን ብቻ የያዘ ግን ሳሪስ ላይ ምን ሊያደርግበት ነው? ሁኔታው ራሱ የመሠረቱ አካል ነው ባይ ነኝ።

ከዚህ ተነስቶ «የኛ አካል የተለየ ነው» ማለትም ችኮላ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች ሂሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ የነዋሪዎቹ የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ። ባሕር ጠለል ላይ ከሚጠበቀው የወጣ አይደለም። በዚያው ከፍታ የአንዲስ ሰዎች ሂሞግሎቢን ይጨምራል፤ የቲቤቶቹ ሙሌት ይወርዳል። ለአንድ ቀጭን አየር ሦስት መልስ! ግን አምባራስ ኢትዮጵያን ሁሉ አይወክልም። ከቆላማዋ አሳይታ በቅርቡ የመጣ ተማሪ እዚያው የሳሪሱ ክፍል ውስጥ አለ፤ ትንፋሹ ገና በመጀመሪያው ቀን ይፈጥናል፣ ኩላሊቱ ለአጥንት መቅኔው መልእክት ይልካል፣ ቀይ የደም ሕዋሱ በሳምንታት ውስጥ ይበዛል። ለእሱ «ኖርማል» የትኛው ቀን ላይ ያለው ቁጥር ነው? ኖርማልነት ያለው በቁጥሩ ሳይሆን አካሉ ለቦታው በሚሰጠው ምላሽ ውስጥ ይመስለኛል።

ስለዚህ ፈተናው ላይ «ግፊቱ ስንት ነው?» ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨመር እመኛለሁ፦ «የት? የማን?»