የጉድጓዱ መወጣጫ

በእንግሊዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከዌልስ ጋር በሚያዋስኑት ኮረብታዎች ሥር፣ በግ በሚሰማራበት አንድ መንደር፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ወደ መንደሩ በሚያስገባው መንገድ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ የብረት ዘንጎች ተረብርበውበታል። መኪና ያልፍበታል፤ በግ ግን እግሩ በዘንጎቹ መካከል ስለሚገባበት አይደፍረውም። በዚህም መንጋው የአጥር በር ሳያስፈልገው ከመስኩ አይወጣም። ብልሃቱ ሸጋ ነው፤ የታሰበው ግን ለበግና ለመኪና ብቻ ነበር። ማታ ማታ ትልና ጥንዚዛ ፍለጋ የምትዞረው ትንሿ ጃርት (እኛ አገር ድንች እየፈነቀለ ገበሬ የሚያስመርረው ባለ ረጅም እሾሁ ሳይሆን፣ በሁለት መዳፍ የምትታቀፈው) በዘንጎቹ መካከል ሾልካ ቁልቁል ትወድቃለች። ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ አያስወጣትም። አደጋ ሲመጣ የምታውቀው መላ ደግሞ አንድ ነው፤ እንደ ጨርቅ ኳስ ተጠቅልሎ እስኪያልፍ መጠበቅ። ጉድጓድ ግን አያልፍም።

መምህርቷ አንድ ምሽት ውሻቸው ሲያነፈንፍ አንዷን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ባትሪና የአትክልት ጓንት ይዘው ጉድጓዱን መቃኘት የየማታ ሥራቸው ሆነ። መጀመሪያ አዝነው ወተት ሰጡ፤ ወተት ጃርትን አንጀቷን አበላሽቶ ያስቀምጣታል። ቆይተው ሙያውን ተማሩ። የቀዘቀዘች ጃርት ሳትሞቅ ከበላች ልትሞት ስለምትችል፣ በቅድሚያ ሙቅ ውሃ የሞሉትን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ካርቶኗ ውስጥ ያኖራሉ። ምግቡ ከዚያ በኋላ ነው፤ የድመት የቆርቆሮ ሥጋና ንጹሕ ውሃ። በወጥ ቤት ሚዛንም ይመዝኗታል፤ ስብ ያላጠራቀመች ጃርት የክረምቱን ረጅም እንቅልፍ አትዘልቀውምና። የመንደሩ ልጆች ካርቶን ያመጡላቸው ጀመር። የአካባቢው ጋዜጣ ጃርት አቅፈው ፎቶ አነሳቸው። «የጃርት እናት» ተባሉ።

ጎረቤታቸው ግንበኛ ነው፤ ነገር አያበዛም። አንድ እሑድ ዘንጎቹን አንስቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ከሌላ ሥራ የተረፈውን ጡብና ሲሚንቶ አምጥቶ፣ ከወለሉ እስከ መንገዱ ጠርዝ የሚደርስ ጠባብ መወጣጫ ሠራ። እግር እንዳያንሸራትት ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አሻከረው። ዘንጎቹን መለሰና ምሳውን ሊበላ ገባ።

የዚያን ሰሞን ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። መምህርቷ ጃርቶቹ ያለቁ መስሏቸው አዘኑ። በኋላ የባትሪያቸው ብርሃን መወጣጫው ላይ አረፈ። በማግስቱ የግንበኛውን በር አንኳኩ።

«ጃርቶቼን ምን አደረግሃቸው?»

«ምንም። ራሳቸው ናቸው የሚወጡት፣ እትዬ።»

«ታዲያ የታመመች ብትኖርስ? የቀዘቀዘችስ? ማን ያያታል?»

«ጉድጓድ ውስጥ ካላደረች ምን ያቀዘቅዛታል?»

ደስ አላላቸውም። ቤታቸው ገብተው ባዶ ካርቶኖቹን አዩ። ሚዛኑ ላይ አቧራ ነበር። በዚያው ሌሊት አካፋ ይዘው ወጡ፤ ለምን እንደያዙት ለራሳቸውም አልተናገሩም። መወጣጫው አጠገብ እንደቆሙ አንዲት ጃርት ከታች ስትቧጥጥ ሰሙ። ወጣች። በጫማቸው ጎን አልፋ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታያቸው፣ ሣሩ ውስጥ ገባች። አካፋውን ተሸክመው ተመለሱ።

ከጊዜ በኋላ ግንበኛው ራሱ በራቸውን አንኳኳ። የሣር ማጨጃ ማሽን ጀርባዋን የሸረከታት ጃርት በኮቱ ጠቅልሎ ይዟል። «ለዚህ መወጣጫ አይሠራም» አለ። ተቀብለው አሞቋት፤ ሲነጋም ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘዋት ሄዱ። ሲመለሱ ግንበኛውን ጠሩት።

«በማዶኛው መንደር መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድ መወጣጫ አለው?»

«የለውም።»

«ሲሚንቶውን እኔ እገዛለሁ» አሉት።

ሰዎቹ የምሳሌ ናቸው፤ ጉድጓዱ ግን እውነተኛ ነው። ሻለቃ አድሪያን ኮልስ የሚባሉ ሰው በሽሮፕሻየር እንዲህ ካለ ጉድጓድ አንዲት ጃርት አወጡ። እሷን ማውጣታቸው አልበቃቸውም፤ ለጉድጓዶቹ መወጣጫ እንዲሠራላቸው ተሟገቱ፤ በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የብሪታንያን የጃርት ጥበቃ ማኅበር መሠረቱ።

መምህርቷን በክፋት የሚከስ ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያስፈራኝ አካፋው ነው። ደግነት እየቆየ ጉድጓዱን ሊወደው ይችላል፤ የወደቀ ሰው ለሚያነሳው ስም ይሰጣል፣ ፎቶ ይሰጣል፣ ለምሽቱም ሥራ ይሰጣል። መወጣጫ ላይ የወጣ ግን ግንበኛውን አያውቀውም። እኛም ዘንድ ዱቄትና ዘይት ሲታደል ካሜራ ሞልቶ፣ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ሲጠገን ግን ማንም ዝር የማይለው ለዚህ ይሆናል። ይህን ስል ማስታመምን ማናናቄ አይደለም፤ ማሽን ለሸረከታት መወጣጫ ምን ይፈይዳል? በብሪታንያ የቆሰሉ ጃርቶችን የሚያስታምሙት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም በገዛ ቤታቸው፣ በጓሯቸው ዛኒጋባ ውስጥ። ግን አስታማሚን የምለካው ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ባገኘበት ምሽት ነው።

ዛሬ ጃርቷን የሚያጠፋት የመንገድ ጉድጓድ ብቻ አይደለም። በ2020 በወጣው የብሪታንያ አጥቢ እንስሳት ቀይ መዝገብ ውስጥ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ገብታለች። በአንድ ሌሊት እስከ 2 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ድፍን አጥር ግን ከግቢ ግቢ አያሳልፋትም። የጃርት ጥበቃ ማኅበሩ ከሌላ ድርጅት ጋር በ2011 በጀመረው ዘመቻ ነዋሪውን የለመነው ከአጥሩ ግርጌ 13 ሴንቲ ሜትር በ13 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ እንዲከፍት ነው። በለንደንም ይሁን በሊድስ ግቢ ያላችሁ ወገኖች፣ መጋዝ ካላችሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጎረቤታችሁንም አስፈቅዱ፤ በአንድ ግቢ ብቻ የተከፈተ ቀዳዳ የትም አያደርሳትም።