ተሰጥኦና ዕዳው

መልካም ድምፅ ያለው ወጣት ሙያተኛ ድምፃዊ ለመሆን ከወዴት ይጀምር? ጥያቄው የስልት ቢመስልም በመሠረቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ተሰጥኦ ለባለቤቱ የመደመጥ መብት ይሰጠዋልን? ወይስ የመማር ግዴታ ይጥልበታል?

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ጥላሁን ገሠሠን የተቀበለው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። ማህሙድ አህመድም በምሽት ክበብ ተቀጥሮ ሲሠራ የክቡር ዘበኛን ሙዚቀኞች እያዳመጠ ቆይቶ፣ ዕድል ባገኘ ጊዜ አብሯቸው ዘፈነ። ሁለቱም ያደጉት በባለሙያዎች መካከል ነው።

የዛሬው ወጣት በእጅ ስልኩ ቀርጾ ድምፁን በአንድ ምሽት ለሕዝብ ማሰማት ይችላል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ነገር ግን መደመጥ ከመማር ሲቀድም ጭብጨባው ስሕተቱን ያጸናበታል። ስለዚህ አስቀድሞ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ጆሮው አጥርቶ እስኪለያቸው ድረስ በክራር ያጥና። በጉርምስና ማንቁርት ሲያድግ ድምፅ ስለሚሰበር፣ የአንጋፋዎቹን ከፍታ ለመድረስ ጉሮሮውን አያስጨንቅ። በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ከጓደኞቹ ጋር ይዝፈን፤ ኅብረት የራስን ድምፅ መግራት ያስተምራልና። መደበኛ ትምህርቱንም አያቋርጥ፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነውና መንገዱ በዚያው ያልፋል። የሚያዜመውንም ግጥም ፍቺ ይመርምር።

ይሁን እንጂ ግዴታው የወጣቱ ብቻ አይደለም። ትናንት «አዝማሪ» እያለ ከያኒውን ያንኳስስ የነበረ ኅብረተሰብ፣ ዛሬ ያልበሰለውን ልጅ ለገበያ ቢያጣድፈው ንቀቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ወጣቱን «ተማር» የሚል ሁሉ የሚማርበትን ክበብ፣ መሣሪያና መምህር የማቅረብ ዕዳ አለበት።