ጡት ማጥባት የእናት ብቻ ዕዳ ነውን?

እንደሚታወቀው የእናት ጡት ለሕፃን የተዘጋጀ የመጀመሪያ ማዕድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከጡት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው፣ ከዚያም በኋላ ከሌላ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን በሊንደን ሠፈር የምትኖር እኅታችን በወለደች በጥቂት ሳምንት ሕፃኗን ጡጦ ስታስይዝ፣ «በሀገር ቤት ቢሆን ይህ ባልሆነ ነበር» ሲባል ይሰማል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የኮሎምበስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ በተነሣች ጊዜ ደቡብ ሊንደን ሞቱ ከሚበዛባቸው ሠፈሮች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ስለዚህ ወቀሳው በማን ላይ ሊያርፍ እንደሚገባ አስተውለን ልንመረምር ይገባናል።

በመጀመሪያ የሀገራችንን የአራስ ቤት እናስታውስ። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ እናት ወይም እኅት የቤቱን ሥራ ትረከባለች። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ከአራሷ የሚጠበቀው ማረፍና ማጥባት ነበር። እንግዲህ ወተቱ የእናቲቱ ቢሆንም ጊዜውን የሚሰጣት መንደሩ ነው።

ይህን ስንል የሀገር ቤቱን ሁሉ ማመስገናችን አይደለም። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማላስና እንገሩን አይበጅም ብሎ ማፍሰስ በብዙ ሥፍራ የኖረ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶ 58 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ሆኖም በሰው ቤት ለምታገለግለውና በጉልት ለምትቸረችረው እናት አይደርሳትም። በዚያም ቢሆን ድህነት ሕፃኑን ከጡት ይለየዋል።

በዚህ በስደት ምድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ የሚሰጠው ፈቃድ 12 ሳምንት ሲሆን፣ ያውም ያለ ደመወዝ ነው። ሠራተኛዋ ዓመት ያልሞላት ወይም የድርጅቱ ሠራተኞች ከ50 ያነሱ ከሆነ ይህም አይገባትም። የቤት ኪራይ ግን አራስ ነሽ ብሎ አይታገሥም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ ለአጥቢ እናት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ወተቷን የምታልብበት ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት የተለየ የተከለለ ሥፍራ እንዲሰጣት ያዝዛል። ነገር ግን ቋንቋውን ያልለመደች፣ ሥራዋን እንዳታጣ የምትፈራ እናት አለቃዋን ደፍራ እንዴት ትጠይቅ?

በአንጻሩ ጡጦው ቅርብ ነው። ሲሚላክ የተባለውን የሕፃናት የዱቄት ወተት ያወጣው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተው በዚህችው በኮሎምበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የዚህን ወተት ማስታወቂያ የሚገታ ደንብ ሲያጸድቅ ተቃውማ ድምፅ የሰጠችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ዊክ የተባለው የመንግሥት ርዳታም ወተቱን ለችግረኞች ያድላል፤ ለአጥቢ እናትም ምግብና ምክር እንደሚሰጥ ግን ብዙዎች አያውቁም። በሕመም ወይም በወተት ማነስ ምክንያት ጡጦ የምትሰጥ እናት ልትወቀስ አይገባትም፤ ዱቄቱን ለመቈጠብ ውኃ ማብዛት ለሕፃኑ አደገኛ መሆኑን ብቻ ትወቅ።

የማይቻል ነገርን ግዴታ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። ማጥባት መልካም ከሆነ፣ እንዲቻል ማድረግም የሌሎቻችን ግዴታ ይሆናል። እኛ ዛሬም የክርስትናውን አርባና ሰማንያ ቀን ሳናጓድል እንቈጥራለን፤ ቀኖቹ ያስገኙላት የነበረውን ዕረፍት ግን እናቲቱ ብቻዋን እንድትፈልገው ትተንላታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንዷ ወጥ ሠርታ ብታደርስ፣ ሌላው ታላላቆቹን ልጆች ከትምህርት ቤት ቢያመጣ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ለአሠሪዋ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ማኅበሩ የአንድ ወር ኪራይ ቢያግዝ፣ ባልም ሌሊቱን ቢካፈል፣ አራሷ ጥቂት ሳምንታት ታገኛለች። ይህን ሳናደርግ «ለምን አላጠባሽም?» ብለን ልንጠይቃት አንችልም።