ጎተራና መሶብ

በእስልምና ትውፊት ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ በሌሊት ከመዲና ወጣ ብለው ሲዘዋወሩ፣ ድስት ጥዳ የምታማስል ሴት ያገኛሉ። ልጆቿ ከበዋት ያለቅሳሉ። ድስቱ ውስጥ እህል የለም፤ ልጆቹ ምግብ የሚበስል መስሏቸው እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ እያባበለቻቸው ነው። ሴትዮዋ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ሳታውቅ ዑመርን ለአላህ ትከሳለች። ዑመር ችግራችሁን በምን ያውቃል ተብላ ስትጠየቅ፣ ጉዳያችንን ተረክቦ ሲያበቃ እንዴት ይዘነጋናል ስትል ትመልሳለች። ኸሊፋው ወደ ማከማቻው ተመልሰው የዱቄቱን ጆንያ በገዛ ጀርባቸው ተሸከሙ። አብሯቸው የነበረው ሰው ልያዝልዎ ቢላቸውም፣ በፍርድ ቀን ሸክማቸውን የሚሸከምላቸው እንደማይኖር ነግረው እምቢ አሉት። ምግቡን ራሳቸው አብስለው ልጆቹን አበሉ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የዑመርን ትሕትና ለማሳየት ይነገራል። የሴትዮዋ መልስ ግን ከትሕትናው ይልቅ ይከብዳል። ሥልጣን የያዘ ሰው አላወቅሁም ብሎ ማምለጥ አይችልም ነው የምትለው፤ ሕዝብን የተረከበ ማወቅንም አብሮ ተረክቧልና። ዑመርም ክሱን አልተከራከሩትም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ «የረማዳ ዓመት» በተባለው ድርቅ ጊዜ፣ ሕዝቡ ጠግቦ እስኪበላ ድረስ ሥጋና ቅቤ አልቀምስም ማለታቸው፣ ርቦት የሰረቀም ቅጣቱ እንዳይፈጸምበት ማድረጋቸው ይተረካል።

ይህን መልስ ይዞ ወደ ወሎ መሄድ ይቻላል። በ1965 ዓ.ም. ከሰሜን ወሎ አውራጃዎች የተፈናቀለው ገበሬ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የተጓዙ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ተመልሰው በግቢው ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ፤ ተማሪዎችም ጉዳዩን አደባባይ አወጡት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የደረሰበት ነገር ዛሬም ያስደነግጣል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። አዝመራው ሲከሽፍበትና ከብቱ ሲያልቅበት በአጠገቡ የሚያልፈውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ገበሬውን ለረሃብ ስላጋለጠው ሥርዓት ባደረጉት ሰፊ ጥናት ዝናብን ብቻ መክሰስ እንደማይበቃ አሳይተዋል። ሰማይ ቢጨክንም ሰው የሚሞተው ምድር ላይ በተሠራ ጥፋት ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የሰው ከሆነ ደግሞ ባለዕዳው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው።

በሌላ በኩል መንግሥትን ብቻ ከስሶ ቤቱ የሚገባ ሰውም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ368 ገደማ በቀጰዶቅያዋ ቂሳርያ ረሃብ ሲገባ፣ ገና ቄስ የነበረው ባስልዮስ ጎተራቸውን ቆልፈው ዋጋ እስኪንር የሚጠብቁትን ባለጠጎች በስብከቱ ገሠጻቸው። ትምህርቱ ባጭሩ ሲነገር፣ ከፍላጎትህ ተርፎ የተከማቸው እንጀራ የራስህ ሳይሆን የተራበው ነው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ መስጠት ደግነት መሆኑ ይቀርና ዕዳ መክፈል ይሆናል። የኢትዮጵያ ምእመን ይህን አሳብ በሰንበቴውና በዝክሩ፣ በሰደቃውና በዘካው ለዘመናት ሲኖርበት ቆይቷል። ጾሞ ከምሳው ያተረፈውን ለነዳያን የሚሰጥ ሰው ባስልዮስን ባያነብም ትምህርቱን ይፈጽማል።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ማሰብ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሲጓዙ በወሎ መንገድ ላይ ረሃብ የጣላቸውን ሰዎች አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነው፤ እሱኑ አደሉ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን ማየታቸውን ኋላ ደጋግመው ተናግረዋል። ወላጅ ያጡ ልጆችን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ከባለቤታቸውና ከዘመድ ጋር ተለያይተው፣ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ልጆቹን በጎጆ ማሳደግ ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በስማቸው የቆመው ድርጅት እጅግ ብዙ ሕፃናትን አሳድጓል። እኚህ ሴት መንግሥት እስኪመጣ አልጠበቁም። ሆኖም የዚያ ዓይነት ረሃብ በአንዲት ሴት መሶብ የሚወጣ አልነበረም፤ እሳቸው ሃያ አንድ ሕፃናትን ሲያነሡ መንገዱ ዳር የቀሩት ብዙ ነበሩ።

ታዲያ ዕዳው እንዴት ይከፈላል? ብዙዎች የሚያስቡት እንደ ዕቁብ ድርሻ ነው፦ ይህን ያህሉ የመንግሥት፣ ይህን ያህሉ የሕዝብ። እንዲህ ሲታሰብ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ድርሻ እያየ የራሱን ማሳነስ ይጀምራል። ባለሥልጣኑ የመደጋገፍ ባህላችንን እያወደሰ በጀቱን ይቀንሳል፤ ባለሀብቱ ግብር እከፍላለሁ ብሎ በሩን ይዘጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሌላ መንገድ ያውቃል። ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ሲሆኑ፣ ባለገንዘቡ ሙሉውን ዕዳ ከፈለገው ከአንዱ መጠየቅ ይችላል፤ የተጠየቀው ድርሻዬ ግማሽ ነው ብሎ አይመልሰውም። ረሃብተኛው በዚህ ዓይን ሲታይ ባለገንዘብ ነው። መንግሥትን ሲጠይቅ ሙሉውን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱንም ሲጠይቅ እንዲሁ። ከዕዳው ነፃ የሚያወጣቸው መከፈሉ እንጂ የሌላው መኖር አይደለም። በመካከላቸው ስላለው ድርሻ ኋላ፣ ሰው ከዳነ በኋላ፣ ይተሳሰባሉ።

የዕዳው መጠን አንድ ቢሆንም አከፋፈሉ ይለያያል። መንገድ፣ መጋዘን፣ የአየር ትንበያ፣ ግዥና የውጭ ምንዛሪ ያለው መንግሥት ነው። ግለሰብ እነዚህን አያፈራም። ጎረቤት ግን የትኛው ቤት ጭስ እንዳልወጣበት ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ሲያይም ዝም ያለማለት ግዴታ አለበት። ሴን ነፃ ፕሬስና ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ያለው ለዚህ ነው። የዜጋው ምጽዋት ዳቦ ብቻ አይደለም፤ በ1965 ፎቶግራፍ ያነሡት መምህራን የሰጡት ወሬውን ነበር።

የመንግሥት ጎተራ ሌላም አደጋ አለው። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምርቱን አምስተኛ እጅ አከማችቶ ግብፅን ከረሃብ አዳነ። ሰባኪው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል፤ ሕዝቡ እህሉን በገንዘቡ ገዛ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ በከብቱ፣ ከዚያም በመሬቱና በራሱ ገዛ፤ በመጨረሻ ከካህናቱ መሬት በቀር ምድሩ የፈርዖን ሆነ። መብላት ነፃነትን አስከፈለ። በ1977 የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በደማቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን ሕዝብ ያልቅ ነበር፤ የቢቢሲ የኮረም ዘገባ በጥቅምት ወር ከወጣ በኋላ እርዳታ ሲጎርፍ፣ እህሉ ሰውን ወደ ሰፈራ ለመሳቢያም አገለገለ። ከ500 ሺህ በላይ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓዘ፤ ብዙው ያለ ፈቃዱ። እጁን ለእህል የዘረጋ ሰው የት እንደሚኖር የመምረጥ መብቱን አብሮ አስረከበ።

ስለዚህ የተራበ ሰው መብት በሕግ መጻፉ ከንቱ ነገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ እንዲከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ እንዲደርስ እንዲያደርግ ያስገድዳል። እርዳታው የቸርነት ጉዳይ መሆኑ እዚህ ላይ ያበቃል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም ወደዚሁ የተጠጋ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ለዚያው ሕዝብ እንደ አዲስ የአስቸኳይ ጊዜ ልመና ይወጣ ነበር። ፕሮግራሙ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጠሬዎችን አስቀድሞ መዝግቦ በበጋው ወራት ማሠራት ጀመረ፤ እርከን ይሠራሉ፣ ኩሬ ይቆፍራሉ፣ የገጠር መንገድ ይጠግናሉ። ሲጀመር ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ተሠርቶ በቀን ሦስት ኪሎ፣ በወር ዐሥራ አምስት ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ገንዘብ ይከፈል ነበር። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ያለ ሥራ ይቀበላሉ። የተራቆተ ተራራ ላይ ድንጋይ የሚደረድር ሰው ተመጽዋች አይደለም፤ ደመወዙን ነው የሚወስደው።

የአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባም ሁለቱ ባለዕዳዎች ሲገናኙ የሚሆነውን ያሳያል። ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተው ክፍል ውስጥ የሚዝለፈለፉ ልጆችን መመገብ የጀመሩት «የእናት ወግ»ን የመሰሉ በጎ አድራጎት ማኅበራት ናቸው። በ2012 የትምህርት ዘመን የከተማው አስተዳደር በራሱ በጀት ወስዶ በመንግሥት ቅድመ መደበኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች አዳረሰው። ዛሬ «መጋቢ እናቶች» የሚባሉ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ገና ሳይነጋ እሳት ያነዳሉ፤ ልጆቹ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ እናቶቹም ገቢ ያገኛሉ። በጎ አድራጊዎቹ ባይጀምሩት መንግሥት ላያየው ይችል ነበር። መንግሥት ባይረከበው ደግሞ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ላይ በቀረ።

ዕዳው ሲካድም ታይቷል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለተራበ የታሰበ እህል በስፋት ወደ ሌላ ዓላማና ወደ ገበያ መዘዋወሩን ገልጸው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታን አቆሙ። ስንዴውን ያልነካው ረሃብተኛ ተቀጣ፤ ይህ ውሳኔ ከስርቆቱ ባልተናነሰ ሊወቀስ የሚገባው ነው። እርዳታው ወራት ቆይቶ ሲመለስ፣ ከለውጦቹ አንዱ የመንግሥት አካላት ከማከማቸቱና ከማደሉ ሥራ እንዲወጡ መደረጉ ነበር። ስርቆቱን ለመግታት አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ ባለዕዳ ከማደያው ጠረጴዛ ተነሥቶ ሲሄድ፣ ሴትዮዋ ነገ ዑመርን የት ታገኘዋለች?

መልሱ ቀበሌ ውስጥ ነው። በሴፍቲኔት አሠራር የተረጂዎች ስም ለሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፤ ቀርቼያለሁ ወይም ያልተገባው ገብቷል የሚል ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። እዚያ ስብሰባ ላይ የሊቀ መንበሩ አጎት ስም ሲነበብ ሁሉም ያውቃል፣ የመበለቷ ስም ሲዘለልም ሁሉም ያውቃል። ቄሱና ሼኩ፣ መምህሩና የዕድሩ ዳኛ እዚያ ቁጭ ብለዋል። ስሟ ያልተነበበውን ሴት የሚያውቅ ሰው እጁን አውጥቶ መናገር አለበት። ኮሚቴው የተናገረውን በቃለ ጉባኤ መመዝገብ፣ ወረዳው ደግሞ የተመዘገበውን በቀን ገደብ መመለስ ግዴታው ነው። በስብሰባው የተነበበው ስም ዝርዝርና የገባው የኩንታል ብዛት በቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ማንም አላፊ አግዳሚ የሚያነበው ሲሆን ዜጋውም ሆነ መንግሥት አላወቅሁም የማለት መብት የላቸውም።