ሬንጁ ይነሳ፣ ዓለቱ ይቆይ

ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ዝናብ እያስገቡ ሲያስቸግሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመጡ ጠጋኞች ሬንጅ ቀቧቸው፤ በላዩም ቀይ ቀለም ደረቡበት። ክፋት አስበው አልነበረም። ዳሩ ግን በ1960ዎቹ መገባደጃ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ለጥገና ሲመጡ ከጠበቃቸው ሥራ አንዱ ይህንኑ ልባስ መላጥ ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ለይቶ ማንሳቱ ነው። ሬንጁ ትናንት የተቀባ ነው፤ ቢነሳ የሚጎድል ነገር የለም። ከሥሩ ያለው ዓለት ግን አንዴ ከተጠረበ መልሶ አይለጠፍም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈሩት ቦዮችም ለእንግዳ ዓይን ባዶ ጉድጓድ ይመስላሉ እንጂ የላስታን የክረምት ውኃ የሚሸኙት እነሱ ናቸው። ቦታ ይፈጃሉ ብሎ የሚደፍናቸው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ለጎርፍ አሳልፎ ይሰጣል።

ሲ ድራይቩ ሞልቶ ቀይ የሚያሳይ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። ቦታ ሲጠበን ስሙን የማናውቀውን ፋይል ሁሉ ማጥፋት ይቀናናል። ‹ዊንኤስኤክስኤስ› የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር መጠኑ ያስደነግጣል፤ በእጅ ከነካኩት ግን ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ሬንጁ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሪሳይክል ቢን ውስጥ፣ ዳውንሎድ ውስጥ ደጋግሞ የወረደ ያው አንድ ፊልም፣ ቴምፕ ፋይሎች፣ ዊንዶውስ ወደ አዲስ ስሪት ሲሻሻል የሚቀረው ‹ዊንዶውስ ኦልድ›። ይህ የመጨረሻው ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ10 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። ዲስክ ክሊንአፕን ከፍቶ የሲስተም ፋይሎችን የሚያጸዳውን ቁልፍ መጫን ነው፤ ምን ምን እንደሚነሳ ዘርዝሮ ያሳያል፣ ምርጫው የባለቤቱ ነው።

ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አኑሮ የሚጠፋበት ሃይበርኔሽን ግን ያከራክራል። ፋይሉ ጥቂት ጊጋባይት ስለሚወስድ አጥፉት የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ለሚውል ዴስክቶፕ እሺ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ላለ ላፕቶፕ ግን አልመክርም፤ ባትሪው ሲያልቅ ያልተቀመጠውን ሥራ ዲስክ ላይ አኑሮ የሚያተርፈው እሱ ነው። እሱን ማጥፋት ቦዩን እንደ መድፈን ነው።

ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶና ሰነዶቻችሁን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱንም አረጋግጡ።