ስንት ሸጥኸኝ?

ፎቶግራፍ ማንሣት ለእኔ ለብዙ ዓመታት ከሥራ ማምለጫ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሒሳብ ስደምርና ስቀንስ እሰነብትና እሑድ ጧት ካሜራዬን አንግቼ እወጣለሁ። ያዘዘኝ የለም፤ የሚጠብቀኝም የለም። ግድግዳ ላይ ያረፈ ብርሃን፣ ዝናብ ያጠበው አስፋልት፣ የሊስትሮ ልጅ ሣጥን፣ ያየሁትን ሁሉ አነሣለሁ። ምን ያስገኛል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ራሱ የሚገባኝ አይመስለኝም።

ዋጋ የሚባለው ነገር የመጣው በ2014 ዓ.ም. ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ስታገላብጥ ቆይታ፣ “እነዚህን እኮ ፖስት ካርድ ብታደርጋቸው እኔ ራሴ አምስት እገዛሃለሁ” አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ወረቀትና ኮላ ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ኤ 4 የሚባለውን ወፍራም ወረቀት ለሁለት መቁረጥ፣ ግማሹን ማጠፍ፣ ፎቶውን ፊቱ ላይ መለጠፍ። ሲሠሩት ግን ፎቶ ቤት የሚታተመው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ከታጠፈው ወረቀት በቁመቱ ትንሽ ይተርፋል፤ ስለዚህ ዳር ዳሩ በማስመሪያና በምላጭ ይከረከማል። ኮላው ከበዛ ይጨማደዳል፤ ካነሰ በሳምንቱ ጫፉ ይነሣል። ከመጀመሪያዎቹ 20 ካርዶች 9ኙን ጥያለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን መከርከሙ ነበር። ከፎቶው ዳር ምን ይቅር፣ ማን ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው ምላጩን የያዘው ሰው ነው።

ለበዓል ሥዕል ይዞ መዞር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲጨፍሩ፣ እኛ ወንዶቹ አበባና መላእክት በቀለም ሥለን በእንቁጣጣሽ ጧት በየደጁ እንዞር ነበር። ዋጋ አንናገርም። ሥዕሉን እንሰጣለን፤ ሰውየው የፈቀደውን ይሰጣል። ለጎረቤታችን የሰጠኋት አንዲት ጠማማ አበባ ግድግዳቸው ላይ ተለጥፋ ዓመቱን ሙሉ አይቻታለሁ። ካርድ መሥራት ስጀምር ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ትዝታ ነው። ያው የልጅነት ሥራዬ ነው፤ ልዩነቱ ካሜራ መያዜ ብቻ ነው አልሁ። አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። የሣልኋት አበባ ከራሴ የወጣች ነበረች፤ ስለ እርስዋ የምጠይቀው ሌላ ባለቤት አልነበረም።

በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ሾላ ገበያ አንዲት እናት አንሥቼ ነበር። ቄጤማና አደይ አበባ ፊታቸው ከምረው፣ ዝናቡን በላስቲክ ተከናንበው፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሆኖ ተቀምጠዋል። የአበባው ቢጫ ጉንጫቸው ላይ አንጸባርቋል። ካሜራውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንሁና አንድ እስር ቄጤማ ገዝቼ ሄድሁ። ፈገግታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ከካርዶቼ ሁሉ የተሸጠው ይኸው ነው። እንጦጦ ላይ ያነሣሁት ጉም፣ ብዙ የደከምሁበት፣ ፈላጊ አጣ። የእናትየዋ ግን በ40 ብር ሒሳብ 120 ሄደ። አንድ ገዢ፣ “እንዴት ደስ የሚል ኀዘን አለው!” አለኝ። ደስ የሚል ኀዘን ምን ማለት እንደሆነ ሳላሰላስል አመሰገንሁት። ያን ጊዜ እሑዶቼም ተለውጠው ነበር። ካሜራዬን አንግቼ ስወጣ ዓይኔ ብርሃን መፈለጉን ትቶ የሚሸጥ ፊት ይፈልግ ጀመር።

ጳጉሜን 4 ቀን ለእናትየዋ አንድ ካርድ ይዤ ሾላ ወረድሁ። ደስ አሰኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ካርዱን ተቀብለው ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

“እኔ ነኝ?”

“አዎ እማማ፤ አምና ያነሣሁዎት ነው።”

ጀርባውን ገለበጡትና የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በጣታቸው ነኩ። “ይቺስ?”

“ዋጋው ናት። 40 ብር።”

ጥቂት ዝም አሉና፣ “ስንት ሸጥኸኝ፣ ልጄ?” አሉ።

መቶ ሃያ አልኋቸው። ሳቁ፤ ለጎረቤታቸው ሻጭም፣ “አንቺ፣ ስሚ፣ መቶ ሃያ ሆኛለሁ!” ብለው ጮኹ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ካርዱን እንደገና አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ብትነግረኝ የክት ልብሴን ለብሼ እመጣልህ ነበር። በዚህ ላስቲክ ነው ሰው ቤት የገባሁት?”

የገንዘቡ ነገር በቀላሉ አለቀ። ወጪዬን ቀንሼ ከቀረው 2,160 ብር እኩሌታውን፣ 1,080 ብር ሰጠኋቸው። ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቄጤማም መረቁልኝ። ነጋዴ ናቸው፤ ትርፍ መካፈልን ያውቃሉ። የላስቲኩ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር ቤት ድረስ መጣ።

ሕጉን አገላብጬ አየሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (በሥራ ላይ የዋለው፣ ግጥምጥሞሹን አያችሁልኝ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው) በቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 በሕዝብ ፊት ለተደረጉ ነገሮችና ለመሳሰሉት በር ይከፍታል። ቁጥር 29 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሸጠ ሰው ያገኘውን ጥቅም ያህል እንዲከፍል ዳኛ ሊያዝዝ እንደሚችል ይናገራል። በሌላ በኩል የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። እንግዲህ ፎቶው የእኔ ነው፤ ፊቱ የእርሳቸው። እኔም ጠበቃ ብሆን ኖሮ ገበያ በአደባባይ ነው፣ ፈገግታም ፈቃድ ነው እያልሁ ስከራከር እውል ነበር። ብረታም እንኳ ለላስቲኩ መልስ አይሆንም።

የፎቶግራፍ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሴት አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶሮቲያ ላንግ የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ ችግር ያጎሳቆላትን እናት ከነልጆችዋ አነሣች። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለሠፈሩ እህል ተላከ፤ እናትየዋና ልጆችዋ ግን ቀድመው ሄደው ነበር። ላንግ በመንግሥት ደመወዝ ትሠራ ስለነበር ፎቶውን ነግዳበታለች ማለት አይቻልም። ቢሆንም ፍሎረንስ ቶምሰን የተባለችው ይህች ሴት በ1978 ማንነትዋ ሲታወቅ ምነው ባልተነሣሁ አለች፤ ከፎቶውም አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች። ብዙ ሰው የገንዘቡን ቅሬታ ያስታውሳል። እኔ ግን ሌላው ይበልጥ ይከነክነኛል። ከ40 ዓመት በላይ ዓለም እርስዋን ያወቃት በሕይወትዋ ክፉ ቀን በለበሰችው ልብስ ነው።

እኛ አገር ፎቶ መነሣት ዝግጅት ነበረው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከነበሩት ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን አንሥቶ፣ ኮትና ከረባት እስከሚያውሱት የሰፈር ፎቶ ቤቶች ድረስ፣ ተነሺው ነው እንዴት መታየት እንዳለበት የሚወስነው። እኛ ካሜራ አንጋቾች ይህን ዓይነቱን ፎቶ “ድርቅ ያለ” እያልን እንንቃለን። ሰውን ሳያውቅ ስንይዘው እውነቱን ያገኘን ይመስለናል። የመንገድ ፎቶ ይቅር አልልም፤ ሁሉ ፈቃድ እየተጠየቀ ቢሆን ኖሮ የትናንትናዋን አዲስ አበባ በምን እናያት ነበር? ግን ለማስታወሻ ማስቀመጥ ሌላ፣ ዋጋ ለጥፎ መሸጥ ሌላ ነው። ከእናትየዋ ካርድ ላይ የሸጥሁት አበባውን አልነበረም። ላስቲኩን ነው። ገዢው የወደደው እርሳቸው ሰው ቤት ይዘውት ሊገቡ ያልፈለጉትን ነገር ነው።

መስከረም ላይ ቤታቸው ሄጄ እንደገና አነሣኋቸው። ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መጋረጃው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ፈገግ እንዲሉ ብጠይቃቸው፣ “ምን የሚያስቅ አለ?” አሉ። 30 ካርድ ሠራሁ። 6ቱን ቤይሩት ላለች ልጃቸው የሚልኩት ብለው ወሰዱ። ገበያ ላይ 4 ብቻ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ያለበትን ካርድ ሠርቼ ሳልጨርስ ለባለፊቱ አሳያለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። አሁን የምሸጠው አበባና ተራራ ይበዛዋል፤ እውነቱን ለመናገር ካርዶቼ ደብዝዘዋል። ከመጀመሪያው ካርድ የተረፉት 11 መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ልጥላቸው ስል እጄ እምቢ ይለኛል፤ ልሸጣቸው ስልም እንዲሁ።

በየዓመቱ ጳጉሜን ቄጤማ ልገዛ ስሄድ እናትየዋ ስለ ጥልፍ ቀሚሱ ካርድ ይጠይቁኛል። “ዘንድሮስ ስንት ሄድሁ?” ይሉኛል። ባለፈው ሁለት አልኋቸው።

“ገዢው አያውቅበትም” አሉና ቄጤማዬን አሠሩልኝ።