ጨዋማው ሐይቅ ምን በደለ?

ስለ ልግስና ስናስተምር ደጋግመን የምናነሣው አንድ ምሳሌ አለ። ዮርዳኖስ ሁለት ባሕሮችን ይመግባል፤ የገሊላ ባሕር የተቀበለውን መልሶ ስለሚሰጥ ጣፋጭና ዓሣ የሞላበት ሆነ፤ ሙት ባሕር ግን ተቀብሎ ስለማይሰጥ መራራ ሆነ፤ እንግዲህ እናንተም እንደ ገሊላ ሁኑ እንላለን። ምሳሌው አጭርና ለማስታወስ የሚመች ስለሆነ እኛም ብዙ ጊዜ ተጠቅመንበታል። ይሁን እንጂ ቀረብ ብለን ስንመረምረው አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መውጫ በሌለው ጎድጓዳ ስፍራ የተጠራቀመ ውሃ በንፉግነት ሊከሰስ ይገባዋልን?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በስምጥ ሸለቆአችን ዝዋይና አብያታ ተጎራብተው ይገኛሉ። መቂና ከታር የተባሉት ወንዞች ከደጋ ወርደው ዝዋይን ይሞላሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ከ50 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው አብያታ ይፈስሳል። ዝዋይ ጣፋጭ ነው፤ አብያታ ግን ጨውና ሶዳ ስለበዛበት አይጠጣም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከዐለትና ከአፈር አጥቦ ጥቂት ጨው የማያወርድ ወንዝ የለም። ፀሐይ ውሃውን በትነት ስትወስድ ጨውን ትታ ነው። ዝዋይ ጣፋጭ ሆኖ የኖረው ጨው ስለማይደርስበት አይደለም፤ የደረሰበትን ጨው ቡልቡላ እየጠረገ ስለሚወስድለት ነው። አብያታ ግን የሚወስድለት የለውም። ስለዚህ ታችኛው የላይኛውን ሸክም ይሸከማል ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚህም በላይ፣ የምድርን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝናብ በበዛበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፉም ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ ውሃው ተከፋፈለ፤ ከፍ ያለው ስፍራ የደረሰው ጣፋጭ ሆኖ ቀረ፤ ዝቅ ያለው የደረሰው ጨዋማ ሆነ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ደግሞም ጨዋማ ውሃ ሁሉ ሙት አይደለም። በአንድ ሊትር ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው አብዛኛውን ጊዜ 1 ግራም አይሞላም፤ በውቅያኖስ 35 ግራም ያህል ነው፤ በሙት ባሕር ከ300 ግራም ያልፋል። ሆኖም ውቅያኖስ ያን ሁሉ ጨው ይዞ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕይወት ይኖርበታል። ፍጥረት በየቤቱ መኖርን ያውቅበታል፤ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ወደ ሰውነቱ የሚሰርገውን ውሃ በብዙ ሽንት ያስወጣል፤ የባሕር ዓሣ በአንጻሩ ውሃ ከአካሉ ስለሚሸሽ እየጠጣ ይተካል፤ ትርፉንም ጨው በስንጥቡ ያስወግዳል። የአብያታም ሶዳማ ውሃ ፍላሚንጎዎች በሺህ እየሆኑ የተመገቡትን ጥቃቅን ዕፀዋት ያበቀለ ነው።

ታዲያ አብያታን የጎዳው ምንድር ነው? ጨው መያዙ ሳይሆን ውሃ መነፈጉ ነው። ከወንዞቹና ከዝዋይ ለአትክልትና ለአበባ እርሻ፣ ለከተሞችም መጠጥ የሚሳበው ውሃ እየበዛ ሄደ፤ ከራሱ ከአብያታም ሶዳ ለማውጣት ውሃው ይሳብ ጀመር። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ስፋት እስከ 2006 ድረስ ከግማሽ በላይ አጣ። ውሃው ሲቀንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም ጠፋ። በሻላ ደሴት ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ቀድሞ ከአብያታ ያጠምዱ ነበር፤ ኋላ ግን ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው።

የምሳሌያችን ሙት ባሕርም ዕጣው ይኸው ሆኗል። እስራኤል፣ ዮርዳኖስና ሶርያ ወንዙንና ገባሮቹን እየጠለፉ ስለሚጠቀሙ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ከገሊላ ባሕር ብዙ ውሃ በቦይና በቧንቧ ወደ ሌላ ስፍራ ስለተወሰደ፣ ወደ ሙት ባሕር የሚወርደው ከቀድሞው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የሙት ባሕርም ገጽ በየዓመቱ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ለጋስ የምንለው ገሊላ ዛሬ ለታችኛው የሚያደርሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ስፍራ ላይ ግን ፍርዳችን እንዳይቸኩል። በዝዋይ ዳር በትንሽ ሞተር ውሃ ስቦ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ልጆቹን የሚያበላ ነው፤ ከተሜውም ውሃ መጠጣት አለበት። ከእነርሱ አንዱም ሐይቅ ላድርቅ ብሎ አልተነሣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ከማናቸውም ጋር ያልተመካከሩ ሺህ ትንንሽ ፍላጎቶችም እንዲሁ ሐይቅ ያስራሉ። በደሉ መውሰዱ አይደለም፤ ስንወስድ ከታች ያለውን ከቁጥር አለማስገባታችን ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ውሃውን ወስደን ስናበቃ ታችኛውን መራራ ብለን መውቀሳችን ነው። ከወንዙ ታች ቆማ የምትጠጣዋን አህያ፣ ከላይ የቆመው ጅብ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ባላት ጊዜ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ማለቷን ሁላችን እናውቃለን። በየሠፈራችንም ፊታቸው የማይፈታ፣ ንግግራቸው የሚጎመዝዝ፣ ከማኅበር የሚርቁ ሰዎች አሉ። ጠባያቸው ነው እያልን እናልፋቸዋለን እንጂ፣ የእነርሱን ድርሻ ማን እንደ ጠለፈው፣ የእኛንም ጨው ስንት ዘመን እንደ ተሸከሙ አንጠይቅም።

ዝዋይም ቢሆን ዋስትና የለውም። ቡልቡላ መፍሰሱን ቢያቋርጥ የሚጠራቀመውን ጨው የሚወስድለት ስለማይኖር፣ በጊዜ ብዛት ራሱ ጨዋማ ይሆናል። ጣፋጭነቱ ወደ ታች ከመስጠቱ ጋር የተሳሰረ ነውና። ስለዚህ የሁለቱን ባሕሮች ምሳሌ ለልጆች ከማስተማር አንቆጠብ፤ ነገር ግን ተቀብሎ የማይሰጠውን ከመውቀሳችን በፊት ከላይ ሆኖ የሚወስደው ማን እንደ ሆነ እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ ራሳችን ይመለሳል፤ እኛ ከማን በላይ ነን? ከእኛስ በታች ያለው ማን ነው?